እማዬ መኪና ስትገዛ

እማዬ ዕድሜዋን በሙሉ ጨርቅ ስትሸጥ ስለኖረች አንድ ነገር «ዋጋው ይኼ ነው» ተብሎ ሲነገራት የተሰደበች ያህል ይሰማታል። ዳቦ ቤት ትከራከራለች፣ መድኃኒት ቤት ትከራከራለች። አንድ ጊዜ የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ጋደም ብላ፣ አፏን ከፍታ፣ መናገር ስለማትችል በጣቷ እያሳየች፣ ከተነቀለላት ሁለት ጥርስ የአንዱን ግማሽ ሒሳብ አስቀንሳለች። እኔ በዚህ አልወጣሁላትም። የተማሪ ደንብ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ዋጋዬን አንዴ ነው የምናገረው። ደንበኛ «ትንሽ ቀንሺ» ሲለኝ ደሜ ይፈላል፤ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ዝም እላለሁ። እማዬ ይህን ስታይ «በዚህ ፊትሽ እኔን ተክተሽ ሱቅ ገብተሽ ቢሆን ኖሮ ተርበን አልቀን ነበር» ትለኛለች።

እግሯ የከዳት ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። አንድ ጠዋት ከአልጋዋ ልትነሳ ስትል አልታዘዝ አላት፤ ሐኪሞቹ የአከርካሪ ነገር ነው አሉ፤ ከዚያ ወዲህ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የምትንቀሳቀሰው። እጇ ግን ያው እጇ ነው፤ የጨርቅ ጣቃ ከመደርደሪያ ሲያወርድ የኖረ እጅ ነው። ፊዚዮቴራፒ የምታሠራት ሴት ዘዴውን አሳይታታለች። የወንበሯን ፍሬን ትይዛለች፣ አንድ እጇን አልጋው ላይ ትተክላለች፣ ራሷን ቀና አድርጋ ትንሸራተታለች። የሁለቱ ከፍታ እኩል ይሁንላት እንጂ የማንንም እርዳታ አትፈልግም።

መከራዋ መኪና ነው። ታክሲው ዝቅ ይልባታል፣ ሚኒባሱ ከፍ ይልባታል። ስለዚህ ለሐኪም ቀጠሮ በወጣን ቁጥር ጎረቤታችን በያጁ ይጠራል። የብየዳ ቤቱ ከግቢያችን በር አጠገብ ነው፤ ሥራውን ጥሎ፣ እጁን በሽርጡ እየጠራረገ ይመጣል፤ እማዬን ታቅፎ ያነሳታል፣ ታቅፎ ያስቀምጣታል። ደግ ሰው ነው፤ እንዳትሳቀቅ ብሎ ይቀልዳል። «እማማ፣ ዛሬ ደግሞ ቀለል ብለውኛል፤ ምን ሸጠው ነው?» ይላታል። እማዬ አትመልስለትም። ሻሿን ፊቷ ላይ ሳብ ታደርጋለች፤ ካስቀመጣት በኋላ «በቃ፣ ሂድ» ብቻ ትለዋለች። አመሰግናለሁ ብላው አታውቅም። እኔ ለሷ እያፈርኩ ሁለት ሁለት ጊዜ አመሰግነዋለሁ።

ቀስ በቀስ መውጣት ተወች። መጀመሪያ እህቷን መጠየቅ ቀረ፤ ቀጥሎ የድሮ የገበያ ጓደኞቿ ቀሩ። ባለፈው ወር ደግሞ የሐኪም ቀጠሮዋ ደርሶ በያጁን ልጠራው ስነሳ «አልሄድም» አለች። «ጣቃ አይደለሁም፤ ሰው እያወረደ እየሰቀለ የሚያኖረኝ።» ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አኮረፍኳት፤ ወይ ፍንክች። ያን ዕለት ነው መኪና መግዛት አለብን ያልኩት፤ ማንም ሳይሸከማት የምትገባበት መኪና። ይህ ካልሆነ እናቴ እዚያች ክፍል ውስጥ እንደተቀመጠች ልትቀር ነው።

ሱቋን ስትሸጥ ያስቀመጠችው ገንዘብ አለ፤ እኔና ወንድሜም ያለንን ጨመርንበት። ያገለገለ እንግዛ እንዳንል ወንድሜ አንዴ ገዝቶ ከነዳው የገፋው ይበልጣል። ስለዚህ አዲስ ይሁን ተባለ። ሜትሬን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ መኪና ሻጮች ዘንድ መዞር ጀመርኩ። ገብቼ በር እከፍታለሁ፣ ከወለሉ እስከ ወንበሩ እለካለሁ፣ የበሩን አከፋፈት እለካለሁ። አንዱ ዘበኛ «ሱሪ ልትሰፊለት ነው?» ብሎ ስቆብኛል። አራተኛው ቤት ውስጥ አንድ ግራጫ መኪና አገኘሁ። ወንበሩ የእማዬ ወንበር ልክ ነው፤ ጣት አይበልጥም፣ ጣት አያንስም። በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል። ተንበርክኬ እንደገና ለካሁት፤ ያው ነው። ከደስታዬ ብዛት በሩን «ጎሽ» ብዬ መታ መታ አደረግሁት።

እማዬ መኪናውን ሄዳ ልታይ የተስማማችው ብቻዬን እንዳልገዛው ስለፈራች ነው። «አንቺማ የተባልሽውን ከፍለሽ ነው የምትመጪው» አለች። ከመሄዳችን በፊት እኔንና ወንድሜን አስቀምጣ ሥርዓቱን ነገረችን። ዕቃ በሻጭ ፊት አይወደስም፣ አይነካም፤ ዓይን እንኳ ብዙ አያርፍበትም። እሷ ቦርሳዋን ቀጭ አድርጋ ስትዘጋ ወንድሜ ወንበሯን አዙሮ ይወጣል። የወጣ ሰው ደግሞ ካልተጠራ አይመለስም፤ ሳይጠራ የተመለሰ ገዢ ምን ያህል እንደቸገረው በራሱ አፍ ተናግሯል። «በተለይ አንተ» አለችው ወንድሜን፣ «አፍህን እንዳትከፍት!» ወንድሜን ሰው ሁሉ ጥድፊያ ነው የሚለው። ከማሕፀን ሁለት ወር ቀድሞ ወጣ፤ ከዚያ በኋላም አልተሻለውም።

የሄድን ዕለት በያጁ ተሸክሞ ሚኒባስ ውስጥ አስገባት፤ ስንደርስ ወንድሜና የሚኒባሱ ረዳት ተጋግዘው አወረዷት። ይህን የፈቀደችው ለክርክሩ ብላ ነው። መንገዱን በሙሉ ሻሿን ፊቷ ላይ እንደሳበች ነበር።

መኪና መሸጫው ግድግዳው መስታወት የሆነ ሰፊ አዳራሽ ነው። ወለሉ ተወልውሎ ያብለጨልጫል፤ አየሩ አዲስ ጎማ፣ አዲስ ፕላስቲክ ይሸታል። ሻጩ ክራባቱ ትንሽ የተጣመመ ጎልማሳ ነው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው። ለእማዬ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጣት። እኔን ትክ ብሎ አየኝና ዓይኑን መለሰ።

እማዬ ግራጫውን መኪና ከሩቅ ገረመመችው። «ቀለሙ ምን ሆኖ ነው? ያመመው ይመስላል።»

«ግራጫ ነው እናቴ።»

«ግራጫ መሆኑንማ አየሁ። በሩስ ሲዘጋ ለምንድን ነው እንደ ቆርቆሮ የሚጮኸው?»

«ገና አልተዘጋም እኮ።»

«ሲዘጋ ነው ያልኩት» አለች እማዬ፣ ቅንጣት ሳታፍር።

ጥድፊያ በበኩሉ መኪናውን ላለማየት እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ጣሪያውን ያያል። አተያዩ ስለበዛ ሻጩም ምን አለ ብሎ ቀና አለ።

ከዚያ ጠረጴዛ ከበን ተቀመጥንና ወደ ዋጋው ገባን። የመኪናው ዋጋ ራሱ ከያዝነው ጋር ይቀራረባል። ችግሩ ከሥሩ የተጨመረው ነው። የወንበር ልብስ፣ የእግር ምንጣፍ፣ ለመስታወቱ ጥቁር ላስቲክ፣ የሚጮህ ማንቂያ፤ ይህ ሁሉ «ማስዋቢያ» ተብሎ አርባ ሺህ ተደምሮበታል። አርባ ሺህ ደግሞ የለንም።

«የወንበር ልብስ?» አለች እማዬ። «ይህቺ ልጄ ልብስ ሰፊ ናት። እንኳን ለወንበሩ ለሞተሩም ትሰፋለታለች።»

«ተገጥሞ ነው የሚመጣው እናቴ። ሁሉም መኪና ላይ አለ።»

«ሁሉም ላይ ካለማ ከሁሉም ላይ አንሱት።»

«ማንቂያውስ? ሌባ ቢመጣ ምን ይሻላል?»

«ሌባ ከመጣ እኔ እጮሃለሁ።»

ክርክሩ ሞቀ። እማዬ ወደ ፊት ዘንበል ብላለች፤ ዓይኗ ያበራል፤ እጇ ጠረጴዛው ላይ ወዲያና ወዲህ ይላል። ከመኪናው ዋጋ ላይ አሥር ሺህ አስቀነሰች፤ በዚያ ሳትረካ ወደ ማስዋቢያው ተመለሰች። እኔ የዋጋውን ነገር ረስቼ እሷን አያለሁ። እግሯ ከከዳት ወዲህ እንዲህ ሆና አይቻት አላውቅም። ናፍቃኝ ነበር ለካ፤ አጠገቧ እያደርኩ ናፍቃኝ ነበር።

በመጨረሻ ሻጩ «አለቃዬን አነጋግሬ ልምጣ» ብሎ ወደ ውስጠኛው ቢሮ ገባ። ቆየ። ሲመለስ ወረቀት ይዟል፤ ፊቱ ላይ ፈገግታ አለ። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና ሊናገር አፉን ከፈተ። ያኔ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ።

ጥድፊያ ዓይኑን ከጣሪያው ላይ ነቀለ። የእማዬን ወንበር አዞረ፣ በሩን በጀርባው ገፋ፣ ወጣ። እኔም ሥርዓቱ ነውና ሻጩን ገላምጬ ተከተልኳቸው። እማዬ እጇን እያወራጨች ነው፤ ግን አፏን ገጥማለች፤ አንዲት ቃል አይወጣትም። ግቢው መሃል ስንደርስ ነው አፏ ውስጥ የያዘችውን ክኒን የዋጠችው።

«ወዴት ነው የምትወስደኝ?» ብላ ጮኸች።

«ቦርሳሽን ዘጋሽ እኮ!»

«መድኃኒቴን አውጥቼ ነው የዘጋሁት! ሰውየው ሊቀንስልኝ ወረቀት ይዞ መጥቶ ሳለ!»

«ታዲያ እንመለሳ» አለ ጥድፊያ፤ ወንበሩን ማዞር ጀምሯል።

«ብትመልሰኝ ወዮልህ!»

ቆምን። ፀሐዩ አናታችን ላይ ነው። ሻጩ በመስታወቱ ውስጥ ይታየናል፤ እሱም ያየናል። ወረቀቱን እንደያዘ ቆሟል፤ አይጠራንም። ጥድፊያ «ቁልፍ ረሳሁ ብዬ ልግባ?» አለ፤ ቁልፍ የሚባል ነገር እንደሌለው ስለምናውቅ ማንም አልመለሰለትም። የኔም ትዕግሥት አለቀ። «እማዬ፣ ስንት ቤት ዞሬ ነው ይህን ያገኘሁት። ሌላ የሚሆንሽ የለም። በሥርዓትሽ ምክንያት ይህ መኪና ካመለጠን…» ብዬ ጀመርኩ፤ አልጨረስኩትም።

እማዬ መሬት መሬቱን አየች። «ጠዋት በሰው እቅፍ ነው ከቤቴ የወጣሁት» አለች ቀስ ብላ። «እዚህም በሰው እቅፍ ነው የወረድኩት። አሁን ደግሞ ለምኜ ልግባ? እባካችሁ ይቺን እንኳ ተዉልኝ።»

ቁጣዬ ሁሉ ሟሸሸ፤ ጥላ እንዲሆናት ብዬ በፀሐዩ በኩል ቆምኩላት።

ብዙም ሳንቆይ የአዳራሹ ትልቁ በር ተከፈተና ግራጫው መኪና ቀስ ብሎ ወጣ። የሚነዳው ሻጩ ነው። ከእማዬ ወንበር ጎን አስጠግቶ አቆመው፤ ወርዶ ዞረና የፊተኛውን በር እስከ መጨረሻው ከፈተው። ስለ ዋጋ ምንም አላነሳም። «እናቴ፣ ቀለሙን ለጊዜው ይተዉትና ይቀመጡበት እስኪ» አለ። ከዚያ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ እጁን ከጀርባው አጣመረ። ልርዳዎ አላለም፤ ክንዱን አልዘረጋም። ይህን እስከ ዛሬ አልረሳሁለትም።

ጥድፊያ ግን ጥድፊያ ነው፤ ብብቷ ሥር ሊገባ ሲል ኮሌታውን ይዤ ጎተትኩት።

እማዬ የመኪናውን ወንበር አየች፤ የራሷን ወንበር አየች። ፍሬኑን ያዘች። እጇን የመኪናው ወንበር ላይ ተከለች፣ አየር ሳበች፣ ራሷን ቀና አደረገችና ተንሸራተተች። አለቀ። እግሮቿን አንድ በአንድ በእጇ አንስታ አስገባች፣ ቀሚሷን አስተካከለች፣ በፊት ለፊቱ መስታወት ወደ መንገዱ አየች።

«ልጆች» አለች። «ይኼ መኪና እንዴት ያለ መኪና ነው! እዩት እስኪ! እኔ እኮ ነኝ የገባሁት! ራሴ!» ወንበሩን ዳበሰች፣ በሩን ዳበሰች፤ ቀለሙን ሳይቀር አደነቀች። ያ ሁሉ ሥርዓት በአንድ አፍታ ፈረሰ። ሻጩ አጠገቧ ቆሞ ሁሉንም ይሰማል። እኔ ደስታዬም ድንጋጤዬም እኩል ሆኖብኝ «ከእንግዲህማ ማን ይቀንስልናል?» እላለሁ በሆዴ።

«እንደወደዳችሁት ከመጀመሪያውም አውቅ ነበር» አለ ሻጩ። «ባለፈው ሳምንት ልጅዎ ተንበርክከው ሲለኩት እዚያ መስታወት ጀርባ ነበርኩ። ለክተው ሲጨርሱ ጎሽ ብለው መታ መታ አደረጉት። ዛሬ እርስዎን ሳይ ለምን እንደሆነ ገባኝ። ከዚህ ሌላ መኪና እንደማይሆናችሁ አውቄ ነው የተቀመጥኩት።»

ፊቴ ጋለ። እማዬ አንገቷን ከመኪናው አውጥታ አየችኝ። «ሜትር ይዘሽ? በሻጭ ፊት? ተንበርክከሽ?» አለች። «ለመሆኑ እኔ ነኝ የወለድኩሽ?» ከዚያ ወደ ሰውየው ዞረች። «አንተስ፣ ይህን እያወቅህ ነው ያን ሁሉ ስሰድበው ዝም ብለህ የሰማኸኝ?»

«ክርክሩ ጥሞኝ ነው» አለ ሻጩ እየሳቀ። «አሁን የሚመጣው ሰው ሁሉ ስልኩን እያየ ነው የሚያወራን፤ እንደርስዎ የሚከራከር ጠፍቷል።» ወረቀቱን ዘረጋው። «ልነግራችሁ ስል ነው ጥላችሁኝ የወጣችሁት። ማስዋቢያው በሙሉ ተነስቷል፤ አለቃዬ ፈቅዷል። አሥር ሺሁም እንደተባባልነው ይቀነሳል። ከዚህ በታች ግን እውነቴን ነው፣ የለኝም።»

እማዬ ትክ ብላ አየችው። ይህን አተያይ አውቀዋለሁ፤ ሱቅ እያለች ጨርቅ ወደ ብርሃን አውጥታ ስትመረምር እንዲህ ነበር የምታየው።

«አንተስ?» አለችው። «በዚህ ሸጠህ ምን ይተርፍሃል?»

«ይተርፈኛል እናቴ።»

«አትዋሸኝ። ቤትህ ይዘኸው የምትገባው ነገር ይኖርሃል?»

«አለኝ። ብዙ አይደለም፤ ግን አለኝ።»

«እንግዲያው ዋጋው ይኼ ነው» አለች እማዬ። «አንተም ሳይከፋህ፣ እኔም ሳይከፋኝ። ገዝቻለሁ።»

ዕድሜዬን በሙሉ ስትከራከር ሳያት ሰው ለማሸነፍ ይመስለኝ ነበር። ስታስቸግረን የኖረችው ለካ ይህችን ቃል እስክትሰማ ነው፤ ሻጩም «አለኝ» እስኪላት ድረስ። እኔ ሰው ማመን ይከብደኛል። የዚያን ሰው እጅ ግን ይዤ አመሰገንኩት። ችግራችንን ከነልኩ አውቆት ነበር፤ ቢፈልግ ሊጫወትብን ይችል ነበር፤ አላደረገውም። «ሸጥኩ እንጂ ምን አደረግሁ?» አለኝ ክራባቱን እያስተካከለ፤ ጭራሽ አጣመመው።

እማዬ ወረቀቱ እስኪያልቅ ከመኪናው አልወርድም አለች። ፊርማ ሲያስፈልግ ወረቀቱ ወደሷ እየመጣ ዳሽቦርዱ ላይ ፈረመች። ጊዜያዊ ሰሌዳ ተለጠፈ፣ ተሽከርካሪ ወንበሯ ታጥፎ ከኋላ ገባ፣ ጥድፊያ መሪውን ያዘ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብሎ ነዳ፤ ከኋላችን የሚመጣው ሁሉ ጡሩንባ ይነፋብናል። እማዬ መስኮቷን ታወርዳለች፣ ትዘጋለች፣ ደግሞ ታወርዳለች። ሱቋ የነበረበት መንገድ ስንደርስ «በዚህ በኩል እለፍ» አለችው። አንድም የምታውቀው ሰው አላገኘችም፤ ቢሆንም ለማታውቃቸውም እጇን አውለበለበች። ከኋላ ሆኜ የጭንቅላቷን ጀርባ እያየሁ «አመሰግናለሁ» አልኩ፤ ለማን እንዳልኩት እኔም አላውቅ፤ ለሁሉም ነበር።

ግቢያችን በር ላይ ስንቆም በያጁ ብረት ይበይድ ነበር። እማዬን ፊት ወንበር ላይ ሲያያት ማሽኑን አጠፋ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ፣ እጁን በሽርጡ እየጠራረገ ሮጦ መጣ። ልማድ ነውና በሩን ከፍቶ ጎንበስ አለ፤ ክንዱን ዘረጋ።

«ቁም!» አለችው እማዬ።

ቀጥ አለ። የተቆጣችው መሰለው። ጥድፊያ ተሽከርካሪ ወንበሩን አውጥቶ አስጠጋላት። እግሯን አወረደች፣ እጇን ተከለች፣ ተንሸራተተች። ደህና ከተደላደለች በኋላ በያጁን ጠራችው። «አሁን ና። ጎንበስ በል።»

ግራ እየገባው ጎንበስ አለ። ፊቱን በሁለት እጇ ያዘችና ዓይን ዓይኑን አየችው። ስንት ጊዜ ተሸክሟት ፊቱን እንዲህ አይታው አታውቅም።

«እቅፍህ ውስጥ ሆኜ ላመሰግንህ አልቻልኩም» አለችው። «እሞክራለሁ፤ ከአፌ አልወጣ ይለኛል። ይኸው አሁን በራሴ ወርጃለሁ። ስለተሸከምከኝ አመሰግናለሁ ልጄ። ስለ ሁሉም ቀን። ስለ ቀልድህም ጭምር፤ አንዱም አላመለጠኝም።»

በያጁ «ኧረ እማማ፣ ምን አደረግሁና…» ብሎ ጀመረና አቋረጠው። ቀና አለ፤ የብየዳ መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ አወረደው፤ የሚበየድ ነገር ግን አልነበረም። ጥድፊያ የመኪናውን የኋላ በር ያለ ምክንያት ከፈተና ዘጋ። እኔ የማወርደው መነጽር ስላልነበረኝ እዚያው በሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።